ካርታ ሰብሳቢ እንጂ ካርታ ገላጭ አይደለሁም

«ካርታ እሰበስባለሁ» ብዬ ለሰው ስናገር መልሱ እንደ ሰሚው ይለያያል። በመሥሪያ ቤት የሚውሉ ባልንጀሮቼ የቤት መሥሪያ ቦታ ካርታ ይመስላቸውና «አንተስ ታድለሃል! በየትኛው ክፍለ ከተማ ነው?» ይላሉ። የለም፤ የመሬት ሳይሆን የመጫወቻ ካርታ ነው ስላቸው ከቁማርተኛ አጠገብ እንደ ተቀመጠ ሰው ኪሳቸውን መዳሰስ ይጀምራሉ። ከመጫወቻውም ካርታ ታሮት የሚባለውን ነው ብዬ የጨመርሁ እንደ ሆነ ግን ወሬው በዚያው ያልቃል። አንዳንዱ ያማትባል፤ አንዳንዱ ደግሞ ወንበሩን ጠጋ፥ ድምፁንም ዝቅ አድርጎ «እስቲ የኔን እይልኝ» ይላል።

ከሁለቱ የሚያማትበው ይሻለኛል። እርሱ ቢፈራኝም ከእኔ የሚጠብቀው ነገር የለም። ሁለተኛው ግን የሌለኝን ነገር ይለምነኛል። ስለዚህ አንባብያን ሆይ፥ በመጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ የተቀመጠው ይህ ወረቀት ምን እንደ ሆነ፥ ከየት እንደ መጣ፥ በክረምትም በበጋም እንዴት እንደምጠብቀው ላጫውታችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

የጀመርሁት በታሮት አይደለም። ፒያሳ አካባቢ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥ ሰው ዘንድ መጽሐፍ ስፈልግ በክር የታሰረች አንዲት የካርታ እሽግ አየሁ። እኛ የለመድነው ካርታ ቀይ ልብና ጥቁር አበባ ያለበት ነው፤ በዚችኛዋ ላይ የተሣሉት ግን ሰይፍ፥ ዋንጫ፥ በትርና የወርቅ ገንዘብ ነበሩ። ሻጩ ምን እንደ ሆነች አያውቅም፤ እኔም አላውቅም ነበር። በሁለት ማኪያቶ ዋጋ ገዛኋትና ቤቴ ገብቼ ብቆጥራት 39 ሆነች። የናፖሊ ሰዎች የሚጫወቱበት ካርታ 40 መሆኑን የተማርሁት ከዚያ በኋላ ነው። የጎደለችውም የወርቅ ሰባት ናት። ጣልያኖች ስኮፓ በሚሉት ጨዋታ ይህች ካርታ «ሴተቤሎ» ትባላለች፤ ለብቻዋ አንድ ነጥብ የምታስገኝ ስለ ሆነች ተጫዋቹ ሁሉ ዓይኑን የሚጥለው በእርስዋ ላይ ነው። ከ40 መካከል ተመርጣ እርስዋ መጥፋትዋ እንዲያው በአጋጣሚ አይመስለኝም። አንድ ሰው ከብዙ ዘመን በፊት በእጅጌው ሸሽጎ ይዟት እንደ ሄደ አስባለሁ፤ ያንንም ሰው አንዳንድ ማታ በዓይነ ኅሊናዬ አየዋለሁ።

ካርታ ማለት በጣልያንኛ ወረቀት ማለት ነው። ያቺ ጎደሎ ወረቀትም የታሮት የሥጋ ዘመድ መሆንዋን ያወቅሁት ስለ አራቱ ምልክቶች ማንበብ ስጀምር ነው።

ታሮትን ብዙዎቻችሁ የምታውቁት በፊልም ይሆናል። ጨለማ ክፍል፥ የሻማ ብርሃን፥ ሻሽ ያሰረች ሴት፤ ከዚያም አንዲት ካርታ ትገለበጥና ማጭድ የያዘ ዐፅም ይወጣል። ተዋናዩ ይደነግጣል። እኔም እደነግጣለሁ፤ ነገር ግን እኔን የሚያስደነግጠኝ ሴትዮዋ ካርታውን እሳት አጠገብ ማስቀመጥዋና በቅባታም ጣት መያዝዋ ነው።

ሙሉው እሽግ 78 ካርታ ነው። 56ቱ እንደ ማንኛውም የመጫወቻ ካርታ በአራት ወገን የተከፈሉ ሲሆኑ፥ እያንዳንዱ ወገን ከአንድ እስከ ዐሥር ቁጥሮች፥ ከዚያም አሽከር፥ ፈረሰኛ፥ ንግሥትና ንጉሥ አለው። የቀሩት 22 ወገን የላቸውም፤ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው የቆሙ ሥዕሎች ናቸው።

አራቱ ምልክቶች ወደ አውሮፓ የገቡት ከግብጽ ነው። በመምሉኮች ዘመን የተሠራ፥ በእጅ የተሣለና ወርቅ የተቀባ አንድ የካርታ እሽግ ዛሬ በኢስታንቡል በቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ሙዚየም ይገኛል። የሰው መልክ አልተሣለበትም፤ የንጉሡና የምክትሎቹ ማዕረግ በጽሕፈት ብቻ ተገልጧል። ምልክቶቹም ዋንጫ፥ ሰይፍ፥ የወርቅ ገንዘብና በፈረስ ላይ ሆነው ኳስ የሚመቱበት ቆልማማ ዱላ ናቸው። ካርታ በ1370ዎቹ አውሮፓ ሲደርስ ጣልያኖች ያንን የፈረስ ጨዋታ አያውቁትም ነበርና ዱላውን ተራ በትር አደረጉት። የገና ዱላችንን አይቶ የማያውቅ እንግዳ ምርኩዝ ነው እንደሚለው መሆኑ ነው። መጽሐፍ የሚገለብጥ ጸሐፊ ያልገባውን ቃል በሚያውቀው ቃል እንደሚለውጥ፥ ካርታ ሠሪውም እንዲሁ አደረገ። እኔ እንዲህ ያለውን ስሕተት እወደዋለሁ፤ ዕቃው በስንት እጅ እንዳለፈ ይናገራልና።

22ቱ ሥዕሎች የተጨመሩት ግን በሰሜን ኢጣልያ ነው። ስለ እነርሱ የሚናገረው እስካሁን የታወቀው የመጀመሪያ ጽሑፍ በ1440 በፍሎሬንስ የተጻፈ ነው። ያን ጊዜ ስማቸው ታሮት አልነበረም፤ «ትሪዮንፊ» ይባሉ ነበር፤ ድል አድራጊዎች እንደ ማለት ነው። ከእነዚህ አንዱ በጨዋታ ላይ ከወጣ የዋንጫውንም የሰይፉንም ንጉሥ ያሸንፋል፤ ከእነርሱም መካከል ላይኛው ታችኛውን ይረታል። እንግሊዞች በካርታ ጨዋታ የሚያሸንፈውን ወገን «ትራምፕ» የሚሉት ይህንኑ ቃል ወስደው ነው።

እስቲ በማርሴይ ዓይነት ካርታ ላይ ባለው ተራ ተመልከቷቸው። ከሁሉ በታች ጠረጴዛውን ዘርግቶ ሕዝብ የሚያታልል የገበያ ምትሃተኛ አለ። ንጉሠ ነገሥቱ 4ኛ ነው። ትልቅ ሰው ነው፤ ነገር ግን 5ኛው ጳጳስ ይረታዋል። ጳጳሱን ደግሞ 6ኛው ፍቅር ይረታዋል። 10ኛው የዕድል መንኰራኵር ነው፤ አንዱን ያወጣል፥ ሌላውን ያወርዳል። 13ኛው ሞት እስከዚህ ድረስ የመጡትን ሁሉ ያጭዳል፤ በብዙ አሮጌ ካርታዎች ላይ ቁጥሩ ብቻ ይጻፋል እንጂ ስሙ አይጻፍም። ነገሩ በሞት አያበቃም፤ ሰይጣን ከሞት በላይ ነው፤ ከሰይጣንም በላይ ኮከብ፥ ጨረቃና ፀሐይ አሉ። ከፀሐይ በላይ መለከት የሚነፋ መልአክ ሙታንን ከመቃብር ያስነሣል። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሥዕል እያየ ላደገ ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። የጨዋታ ሕግ ሆኖ የተደረደረ ስብከት ይመስለኛል።

በ12ኛው ላይ በአንድ እግሩ ቍልቍል የተሰቀለ ሰው አለ፤ ሰው ሁሉ «ይህስ ምን ምሥጢር ነው?» ብሎ የሚጠይቀኝ ስለ እርሱ ነው። ምሥጢር የለውም። በዚያ ዘመን በኢጣልያ ከተሞች የካደና ያመለጠ ሰው እንዳለ፥ መልኩን እንዲህ ገልብጠው በአደባባይ ግድግዳ ላይ ይሥሉት ነበር። የዚህ ካርታ የጥንት ስሙም «ከሐዲው» ነው። ሞኙ ደግሞ ቁጥር የለውም፤ ማንንም አያሸንፍም፤ ብቻ የያዘው ሰው በጭንቅ ጊዜ እርሱን አሳይቶ ያልፋል። በመሥሪያ ቤትም እንዲህ ያለ ካርታ ያለው ሰው አይጠፋም።

ጨዋታው ዛሬም በሕይወት አለ። ፈረንሣዮች በ78 ካርታ፥ ኦስትሪያውያን በ54 ካርታ ይጫወቱታል። ቪየና የተማረ ወዳጄ ያመጣልኝ የኦስትሪያ እሽግ ላይ ሞትም ሰይጣንም የለም፤ የገጠር ሰዎች፥ ባለ ሙያዎችና ተጓዦች ናቸው ያሉበት። በሁለተኛው ካርታ ላይ አንድ ንስር ተቀምጦ «ትጋትና ዕድል» የሚል ጽሕፈት ይዟል። ለዕድገት ማስታወቂያ ለሚጠባበቅ የመንግሥት ሠራተኛ ከዚህ የሚሻል መፈክር ያለ አይመስለኝም።

ታዲያ ጥንቆላው ከየት መጣ?

ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ታሮት በሰፊው የታወቀው በጨዋታነቱ ነበር። በ1781 በፓሪስ አንትዋን ኩር ደ ዤብላን የሚባል የፕሮቴስታንት ቄስና ምሁር፥ ሰዎች ሲጫወቱበት ባየው በዚህ ካርታ ተደነቀና በትልቁ መጽሐፉ ስምንተኛ ክፍል ውስጥ «ይህ የጥንት ግብጻውያን ካህናት የጥበብ መጽሐፍ ነው» ሲል ጻፈ። ማስረጃ አላቀረበም። ሊያቀርብም አይችልም ነበር፤ የግብጽን የጥንት ጽሕፈት ማንበብ የሚችል ሰው ያን ጊዜ በምድር ላይ አልነበረም። ሻምፖልዮን ጽሕፈቱን የፈታው በ1822፥ ማለትም ከ41 ዓመት በኋላ ነው። ከተፈታም ወዲህ ስለ ታሮት አንዲት ቃል አልተገኘበትም። ወሬው ግን ቀድሞ ሄዷል። አልዬት የሚባል ሌላ የፓሪስ ሰው ስሙን ገልብጦ «ኤቴላ» ብሎ ራሱን ከሰየመ በኋላ፥ ከጥቂት ዓመታት ወዲያ ለዕድል መንገሪያ ተብሎ የተዘጋጀ ካርታ አሳትሞ ሸጠ። ስሙን ገልብጦ የሚጽፍ ሰው ካርታ ገልብጦ ቢያነብ አይገርምም።

ይህን ሁሉ በጥንቃቄ መርምሮ የጻፈው የኦክስፎርዱ ፈላስፋ ማይክል ዳሜት ነው። የዕለት ሥራው ስለ ቋንቋና ስለ አመክንዮ መመራመር ሲሆን በ1980 ስለ ታሮት ጨዋታ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አወጣ። ትልቅ ሰው ስለ ካርታ ሲጽፍ የሚያፍር ቢሆን ኖሮ ዛሬ ብዙዎቻችን የግብጹን ተረት እውነት ነው እንል ነበር።

ይህን ታሪክ ስናገር «እኛስ ዘንድ አውደ ነገሥት አለ አይደል?» የሚሉኝ አሉ። አለ። ሞራ ገላጭም፥ ጠጠር ጣይም፥ ስኒ ተመልካችም አለን። የነገውን መስማት የሚፈልግ ሰው በቡና አተላ ላይም ያነበዋል፤ የግድ ታሮት አያስፈልገውም። ለዚህ ነው ካርታውን ጥፋተኛ ነው ማለት የማልወደው። ይሁን እንጂ ነገሩ በሳቅ ብቻ የሚታለፍ አይደለም፤ ከምክንያቱም አንዱን ልንገራችሁ።

የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት አንዲት እናት ናቸው፤ እሑድ ቅዳሴ አይቀርባቸውም። ልጃቸው በደቡብ አፍሪካ መንገድ ከወጣ አራት ወር ሆኖት ነበር፤ ከመጀመሪያው ወር በኋላ ስልኩ አይሠራም። አንድ ማታ በሬን አንኳኩና ገብተው ቆሙ። ተቀመጡ ብላቸው እንቢ አሉ። «ልጄ፥ ያንን ሥዕልህን አውጣልኝ። ክፉም ቢሆን ንገረኝ» አሉኝ።

ካርታው ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ከላዩ አንዲት አንሥቼ «ይኸው ፀሐይ ወጣች፤ ልጅዎ ደኅና ነው» ማለት ምን ያህል ቀላል እንደ ነበር አንባብያን ትገምታላችሁ። ያን ሌሊት እንቅልፍ ይወስዳቸው ነበር። ነገር ግን በማግሥቱም ይመጣሉ፤ በሣልስቱም ይመጣሉ። አንድ ቀን ደግሞ ያ ማጭድ የያዘው ዐፅም ይወጣል፤ ያን ጊዜ ምን እላለሁ? ፀሐይዋን ያመነች እናት ዐፅሙንም ታምናለች። በዚያ ላይ እኔን ሲጠብቁ ሌላ የሚጠየቅ ሰው ሳይጠይቁ ጊዜው ያልፋል።

«እማማ፥ ይህ ወረቀት ልጅዎን አያውቀውም» አልኋቸው።

ተቆጡ። «ለጨዋታህ ጊዜ ታወጣዋለህ፤ ለኔ ጊዜ ሲሆን ትደብቀዋለህ» ብለው ወጡ። በማግሥቱ ጠዋት ፈቃድ ጠይቄ፥ የልጁን ፎቶግራፍ ይዘን፥ የጠፉ ዘመዶችን ወደሚያፈላልገው ወደ ቀይ መስቀል አብረን ሄድንና ስሙን፥ የወጣበትን ቀን፥ መጨረሻ የደወለበትን ቦታ አስመዘገብን። እስከ ዛሬ ወሬ አልመጣም። የእርሳቸውም ሰላምታ እንደ ቀድሞው አይደለም። ካርታዬን ግን ከዚያ ወዲህ ጠረጴዛ ላይ ትቼ አልወጣም።

ሥዕሉን አይቶ ስለ ራሱ ሕይወት ከሚያስብ ሰው ጋር ጠብ የለኝም። ጣልያናዊው ደራሲ ኢታሎ ካልቪኖ ካርታዎቹን እየደረደረ ከእነርሱ ልብ ወለድ ሠርቷል። እኔም በክፍል ውስጥ ፋኖስ ይዞ ለብቻው የሚሄደውን የመናኙን ሥዕል አሳይቼ ተማሪዎቼን ድርሰት አጽፌአለሁ፤ አንዱ የሌሊት ዘበኛ፥ አንዲቱ ደግሞ ኤሌክትሪክ በጠፋበት ሰፈር ልጃቸውን የሚፈልጉ አባት አድርጋ ጻፈችው፤ ሁለቱም ማለፊያ ነበሩ። ጠቤ ሰው በጨነቀው ሰዓት ይህን ወረቀት ዘርግቶ ገንዘብ ከሚቀበለው ጋር ነው።

እንግዲህ «ለጥንቆላ የተሠራውንስ ለምን ታስቀምጣለህ?» ትሉኝ ይሆናል። ካሉኝ ስድስት እሽጎች አንዱ በእርግጥ ለዚያው የተሠራ ነው፤ በዓለም ላይ በብዛት የታወቀውም እርሱ ነው። በ1909 በለንደን ራይደር የተባለው አሳታሚ አወጣው፤ አሳቡን የሰጠው አርተር ኤድዋርድ ዌይት ነው። ስለዚህም ካርታው ብዙ ዘመን በአሳታሚውና በአሳብ ሰጪው ስም ብቻ ሲጠራ ኖረ። ሥዕሎቹን የሣለችው ግን ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ናት፤ በ1878 ለንደን ተወልዳ በልጅነትዋ ጃማይካ የኖረች፥ ኒው ዮርክ ሥዕል የተማረች ሴት። ከእርስዋ በፊት በአብዛኛው ካርታ ላይ የሰይፍ ሦስት ማለት ሦስት ሰይፍ ብቻ ነበር፤ እርስዋ በሦስቱ ሰይፎች ልብ አስወግታ፥ ከበስተኋላም ዝናብ አዘነበች። ሥራውን በጨረሰች ጊዜ ለአንድ ወዳጅዋ በጻፈችው ደብዳቤ ድካሙ ትልቅ ክፍያው ትንሽ እንደ ነበር አስታውቃለች። በ1951 ስትሞት ድሀ ነበረች። በእያንዳንዱ ካርታ ጥግ ላይ የስምዋን ፊደላት አጠላልፋ ጽፋለች፤ አጉሊ መነጽር ይዛችሁ ብትፈልጉ ታገኟታላችሁ። ያንን እሽግ የምጠብቀው ለዚያች ፊርማ ስል ነው።

ስለ መጠበቅ ካነሣሁ ዘንድ ወደ ሥራው ልግባ። በመጀመሪያ አንድ አሳዛኝ ነገር አለ። ከ15ኛው መቶ ዓመት የተረፉት ካርታዎች አብዛኛዎቹ ብዙ ያልተጫወቱባቸው ናቸው። ለሚላኖ መሳፍንት ለቪስኮንቲና ለስፎርዛ ቤት በ1450 ገደማ በወርቅ ላይ የተሣለው እሽግ 74 ካርታዎቹ እስከ ዛሬ አሉ፤ 35ቱ በኒው ዮርክ በሞርጋን ቤተ መጻሕፍት፥ 26ቱ በቤርጋሞ ከተማ በአካዴሚያ ካራራ፥ 13ቱ በአንድ ቤተ ሰብ እጅ ናቸው። አራት ጠፍተዋል፤ ከእነርሱም መካከል ሰይጣኑና የሚፈርሰው ግንብ አሉበት። ድሀው በመጠጥ ቤት የተጫወተበት የወረቀት ካርታ ግን እስኪበጣጠስ ተጫወቱበትና ተጣለ። ከእርሱ የተገኘው እፍኝ የማትሞላ ነው፤ አንዳንዱ በሚላኖ በስፎርዛ ግንብ ውስጥ፥ አንዳንዱም እንደ ውዳቂ ወረቀት ሆኖ በአሮጌ መጽሐፍ ልባስ ውስጥ ተጣብቆ ተገኘ። ብዙ የተወደደው ጠፋ፤ ያልተነካው ቀረ። ሰብሳቢ ሰው ይህን እያወቀ ነው የሚሰበስበው። እኔ መፍትሔ ያልሁት እንግዳ ሲመጣ በርካሹ የፈረንሣይ እሽግ መጫወት፥ የቀሩትን ደግሞ ማሳረፍ ነው።

ካርታ አንድ ወረቀት አይደለም፤ ብዙ ወረቀት በሙጫ ተደራርቦ የተጣበቀ ነው። ስለዚህ ጠላቱ እርጥበት ነው። በአዲስ አበባ ክረምት፥ ሐምሌ ከገባ ጀምሮ፥ ጫማ በአልጋ ሥር እንደሚሻግት ካርታም ይሻግታል፤ ሙጫው እርጥበት ሲጠጣ ካርታው እንደ ቆርቆሮ ጣራ ይቆለመማል። ብዙ ሰው የተቆለመመውን ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። ይህን አታድርጉ፤ ቀለሙ ይለቃል፥ ካርታውም በተቃራኒው በኩል ይቆለመማል። በንጹሕ ነጭ ወረቀት መካከል አድርጋችሁ ከባድ መጽሐፍ ጫኑበትና ሳምንት ተዉት። እኔ ለዚህ ሥራ የምጠቀመው ወፍራም መዝገበ ቃላት ነው፤ ከመደርደሪያዬ መጻሕፍት ሁሉ የሥራ ሰዓቱን የሚያከብረው እርሱ ነው።

እሽጎቼን በብስኩት ቆርቆሮ ሣጥን አኖራለሁ፤ ዐይጥ አይበሳውም። ቆርቆሮ ግን ውስጡ የገባውን እርጥበት ያፍነዋልና የምዘጋው በደረቅ ቀን ብቻ ነው። ከአዲስ ጫማ ጋር በካርቶን ውስጥ የምትመጣውን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት ሰው ይጥላታል፤ እኔ ከጎረቤት ሁሉ እለምናታለሁ። ናፍታሊን አልጨምርም፤ ሽታው ዓመት አይለቅም። ላስቲክም አላስርበትም፤ መጀመሪያ ጠርዙን ይቈርጠዋል፥ ኋላም ቀልጦ ይጣበቅበታል። የተቀደደውን በፕላስተር አልለጥፍም፤ ፕላስተሩ ወደ ቢጫነት ይለወጥና ከቅዳዱ የባሰ ጠባሳ ይተዋል። ቁጥርና ማስታወሻ የምጽፈው በካርታው ላይ ሳይሆን በተለየ ወረቀት፥ ያውም በእርሳስ ነው። ከእንጀራ በኋላ ካርታ የሚነካ እንግዳ ካለ ሳሙናና ውኃ እስኪመጣ ድረስ ጨዋታው ይቆያል፤ በዚህ ነገር ላይ ታላቅና ታናሽ አልለይም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቁጠሩ። ካርታ የሚጠፋው በሌባ አይደለም፤ አንዲት ካርታ ከአልጋ ኋላ ትወድቅና ሳይቆጠር የተዘጋ ሣጥን ለዘላለም ጎደሎ ይሆናል። እኔ ዓመት በዓመት ክረምቱ ሲወጣ፥ የመስቀል ዕለት ከሰዓት በኋላ፥ ስድስቱንም እቆጥራለሁ።

የጎደለውን ስለ መተካት በሰብሳቢዎች መካከል ክርክር አለ። የቪስኮንቲን ካርታ ዛሬ እያሳተሙ የሚሸጡት ሰዎች የጠፉትን አራቱን በጥንቱ አምሳል አሥለው ይጨምራሉ፤ ገዢው ሙሉ እሽግ ይፈልጋልና አልፈርድባቸውም። እኔ ግን በጎደለችው በፒያሳዋ እሽግ ውስጥ፥ በወርቅ ስድስትና በወርቅ አሽከር መካከል፥ በመጠንዋ የተቈረጠች ባዶ ነጭ ወረቀት አስገብቻለሁ። ተማሪዎቼ ሰባት ክብ ሥዬ ቢጫ እንድቀባት መክረውኝ ነበር።

አንባብያን ሆይ፥ በቤታችሁ፥ በአያቶቻችሁ ሣጥን ወይም በአሮጌ ቦርሳ ኪስ ውስጥ፥ ሰባት የወርቅ ገንዘብ የተሣለባት ጠባብ የካርታ ወረቀት ብታገኙ አትጣሏት። ጀርባዋን ተመልከቱ፤ የኔዎቹ ጀርባቸው ሰማያዊ መረብ ነው፤ ጠርዛቸውም ከመታሸት ብዛት እንደ ጨርቅ ለስልሷል።